ክርክር፦ ገንዘብ ሳያዘጋጁ የዶክትሬት ተማሪ መቀበል ይከልከል?

አራተኛ ዓመት፦ ቀጥታ ልግባ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው እስኪጨርስ የሚኖርበትን ገንዘብ ካላዘጋጀ ሙሉ ጊዜ የሚማር የፒኤችዲ ተማሪ መቀበል የለበትም ባይ ነኝ። በሕግም ይከልከል። እኔ ስገባ ፋንዱ ለሦስት ዓመት ነበር፤ «ለአራተኛው አታስብ፣ ይገኛል» ተባልኩ። አልተገኘም። ገንዘቡ ያለቀው ደግሞ ዳታዬን ሰብስቤ ጨርሼ ልጽፍ ቁጭ ባልኩበት ወቅት ነው። አሁን ቀን ተማሪ አስጠናለሁ፣ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ ለራሴ ምዕራፍ የሚተርፈኝ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጭንቅላቴ አይሠራም። በዚህ ሁሉ መሃል የመመዝገቢያ ክፍያው በየሴሚስተሩ ይቀጥላል። «ሌላ አማራጭ የለም» የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ውስጥ ብዙው የዶክትሬት ተማሪ የሥራ ውል ፈርሞ በደመወዝ ነው የሚማረው። እዚያ ከተቻለ ቢያንስ የማይቻል ነገር አይደለም ማለት ነው።

የማታ ተማሪ፦ ወንድሜ ድካምህ ይገባኛል። ግን ያልከው ሕግ ቢወጣ መጀመሪያ የምትባረረው እኔ ነኝ ብዬ እፈራለሁ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ እማራለሁ። ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምመረምረው ጥያቄ የመጣልኝ ከሥራዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ባልሠራበት ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይታየኝም ነበር። ስኮላርሺፖቹን ሳይ ብዙዎቹ የዕድሜ ገደብ አላቸው፣ ወይ ሥራ ተዉ ይላሉ። ሥራዬን ብተው ቤቱን ማን ያስተዳድራል? «ፋንድ የሌለው አይግባ» ሲባል እንደኔ ላለው ሰው በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

አራተኛ ዓመት፦ እህቴ አንቺ እኮ ገቢ አለሽ። እኔ ያነሳሁት ሌላ ሥራ መሥራት ስለማይፈቀድለት፣ ወይም ስለማይችል ሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው። ደግሞ ክፍት ነው የምትዪው በር ለማን ነው ክፍት የሆነው? ያለ ክፍያ አምስት ዓመት መቀመጥ የሚችለው ቤተሰቡ የሚረዳው ልጅ ነው። የድሃ ልጅ ይገባና ሦስተኛው ዓመት ላይ ይወድቃል። ስንፍና ግን አይደለም የጣለው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ደግሞ ገንዘብ «አለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ እንነጋገር እላለሁ። በወረቀት ላይ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ኮንፈረንስ ላይ ጥናቴን እንዳቀርብ ተጋበዝኩ፣ ሁሉም ደስ አለው። ቲኬቱን፣ ሆቴሉንና መመዝገቢያውን ግን ከኪሴ ከፍዬ ደረሰኝ ይዤ መመለስ ነበረብኝ። ብሩ የተመለሰልኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው። በዚያ መሃል የቤት ኪራይ የከፈልኩት ከጓደኛ ተበድሬ ነው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ደግሞ ትምህርቱን ለጊዜው አቁሚ አሉኝ፤ ሳቆም ክፍያውም አብሮ ቆመ። ተማሪ ነሽ፣ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ስለዚህ የወሊድ ፈቃድ የሚባል ነገር አይመለከትሽም። አራስ ቤት ተኝቼ ሒሳብ ነበር የምደምረው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቤልጅየም፣ ፍላንደርስ ውስጥ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ ሆኖ ተገኝቷል። ከችግሩ ጋር በጥብቅ ከተያያዙት ነገሮች አንዱ የሥራና የቤተሰብ ሕይወት መጋጨት ነው። ሳነበው አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ችግሩ የኔ ድክመት ይመስለኝ ነበር።

አማካሪ፦ ከሌላው ወገን ልናገር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ አማክሬያለሁ። ሕጉ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጎዱት ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍና ናቸው። በተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው ብዙ ጊዜ በአማካሪው ፕሮጀክት ገንዘብ ይቀጠራል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ብርቅ ነው። የሚገኘውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ላይ ያልቃል፤ ማኅደር ለማኅደር ዞሮ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ጽፎ መጨረስ ግን በሦስት ዓመት አይሆንም። እገዳው ቢመጣ እኔ ክፍል በዓመት አንድ ሰው እንኳን ላንቀበል እንችላለን።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «ይገኛል» ብዬ የተቀበልኳት ተማሪ ነበረች። አልተገኘም። ያኔ ተስፋ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ቤተ ሙከራ፦ ፋንድ ያለን ሰዎችም ነፃ አይደለንም። የኔ ክፍያ ያለው አማካሪዬ እጅ ነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ቢቀይር ወይም ፕሮጀክቱ ቢዘጋ እኔም አብሬ አለቀልኝ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በዓል የሚባል የለም፣ ሙከራው አይጠብቅማ። አንድ ቀን ዕረፍት ስጠይቅ «ለፒኤችዲ ያለህ ፍላጎት ቀነሰ እንዴ» ተባልኩ። ስለዚህ የኔ መልስ እገዳ አይደለም፣ የሠራተኛ መብት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በግል ዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ የሚያስተምሩና ሪሰርች የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ገደማ የአካዳሚ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይተው የክፍያ ጭማሪ አግኝተው ተመለሱ። ማንም ቸር ሆኖ አልሰጣቸውም።

አማካሪ፦ ጭማሪው ይገባቸዋል፣ አልከራከርም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው በጀት ካላደገ ለአንዱ ሲጨምር የሚቀበለው ሰው ይቀንሳል። ይህን ሒሳብ እየዘለልን ነው።

አራተኛ ዓመት፦ ይቀንስ! አሥር ሰው ተቀብሎ ስድስቱን በብድርና በሕመም ከመሸኘት አራት ሰው በሥርዓቱ ማስተማር ይሻላል።

የማታ ተማሪ፦ አራቱን ማን ይመርጣል ታዲያ? በጊዜ የጨረሰ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የገባ፣ የሚያውቀው ፕሮፌሰር ያለው ነው የሚመረጠው። እኔ አልመረጥም። አንተም ላትመረጥ ትችል ነበር። ይህን አስበኸው ታውቃለህ?

ያቋረጠ ሰው፦ ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። እኔ ሦስተኛው ዓመት ላይ ወጣሁ። መውጣቱ አልጎዳኝም፣ የጎዳኝ የመጨረሻው አንድ ዓመት ነው። ሁለት ዓመት አባክኜ እንዴት እወጣለሁ ብዬ ሌላ ዓመት ጨመርኩበት፣ ያውም በብድር። መሃል ላይ የሚወጣ ሰው አንዳንድ ቦታ የማስተርስ ዲግሪ ይዞ እንደሚወጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከወጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት። መከልከሉ ላይ ሐሳብ የለኝም። ግን ሰው ሲገባ የመውጫው በርም አብሮ ይነገረው። አሁን ጥሩ ሥራ አለኝ፣ እንቅልፌም ተመልሷል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር ላቅርብ። ከመከልከል በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ይሁን። የመግቢያ ደብዳቤው ላይ ይስፈር፦ ክፍያው የዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ነው ወይስ ዘጠኙን ብቻ? የትምህርት ክፍያው ተቀንሶ እጄ የሚገባው ስንት ነው? የጤና መድን አለ? ብወልድ ወይም ብታመም ምን ይሆናል? ክፍሉ ውስጥ ሰው በአማካይ በስንት ዓመት ይጨርሳል፣ ፋንዱስ ስንት ዓመት ይሸፍናል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ትንሽ እቆጥብ ነበር።

ቤተ ሙከራ፦ እዚያ ላይ አንድ ጨምሪልኝ፦ አማካሪው ቢሄድ ተማሪውን ማን ይረከባል?

አማካሪ፦ ይህን እኔም እደግፋለሁ፣ ለክፍሌም አቀርባለሁ። አዲስ ገቢዎች ደግሞ አማካሪውን ብቻ አትጠይቁ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ያሉትን፣ ካገኛችሁም ያቋረጡትን ጠይቁ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንናገረው የምንመኘውን ነው።

አራተኛ ዓመት፦ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ወረቀት ኪራይ አይከፍልም። የተጻፈልኝን አንብቤም ቢሆን እገባ ነበር፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ሁሉንም የምችለው ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው ኃላፊነቱን ተማሪው ላይ ብቻ መጣል የማልፈልገው። የማታ ተማሪ፣ ያነሳሽው ምርጫ ጉዳይ ግን ከብዶኛል፤ በሥራ ላይ ሆነው የሚማሩትን ሕጉ እንዳይነካ በግልጽ ይጻፍ እላለሁ። ከዚያ ውጭ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የማታ ተማሪ፦ እንደዚያ ከተጻፈ ግማሽ መንገድ መጥተሃል። ሌላውን ግማሽ እንከራከርበታለን።

አማካሪ፦ አራተኛ ዓመት፣ ከክርክሩ ውጭ ልጠይቅህ። በመጻፍ ላይ ላሉ ተማሪዎች የተቀነሰ የመመዝገቢያ ክፍያ ካለ ሬጅስትራር ጠይቀሃል? ለማጠናቀቂያ የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍም ብዙ ቦታ አለ፤ ማመልከቻው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ነው ሰው የሚያመልጠው። አማካሪህ ደግሞ የምዕራፎችህን ቀነ ገደብ ጠቅሶ ደብዳቤ ይጻፍልህ። ያለ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ብዙም አይረዳም።

አራተኛ ዓመት፦ የተቀነሰ ክፍያ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ ዶክተር። እኔም ልጠይቅዎት፤ ያቺ «ይገኛል» ያሏት ተማሪ ጨረሰች?

አማካሪ፦ ጨርሳለች። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል፤ አምስቱን ያለ ምንም ክፍያ ነው የሠራችው።