«ፍርደ ገምድል» ነው ወይስ «ለይስሙላ»?

ጥያቄ፦ ስለ ኢዝሊንግተን ኮሚሽን እየጻፍኩ ነው። እንግሊዝ በ1912 እ.ኤ.አ. የህንድን የመንግሥት አገልግሎት እንዲያጣራ ያቋቋመችው ማለቴ ነው። ገና አባላቱ ሲሾሙ ቅሬታው ተነሳ። ቅሬታውን በአጭሩ ለመግለጽ ኮሚሽኑን «ፍርደ ገምድል» አልኩት። ያስኬዳል?

— አያስኬድም። ፍርደ ገምድል የሚባለው ፈርዶ ያጣመመ ነው። እነዚህ ገና ወንበር አልያዙም። ሰው የፈራው የሚመጣውን ነው። ለእሱማ «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» የሚል አለን አይደል?

— ከጋሼ ጋር ነኝ። በተለይ የቫለንታይን ቺሮልን ሹመት እዩት። የለንደኑ ታይምስ የውጭ ዜና ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በ1910 ባወጣው መጽሐፍ የህንድ ብሔርተኞች መሪ የነበረውን ቲላክን የህንድ ሁከት አባት ብሎታል። ይኸው ሰው ዞሮ ህንዳውያን ምን ያህል ሥልጣን ይገባቸዋል የሚለውን አጣራ ተባለ! «አጣሪ» እኮ ጠላውን ካተላው የሚለይ ነው። እሱ ለይቶ ጨርሷል።

— ጠቡ ግን የወንበር ብቻ አልነበረም። የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚሰጠው ለንደን ነበር። አንድ የካልካታ ልጅ ለመፈተን ባሕር መሻገር ነበረበት። ፈተናው በሁለቱም አገር ይሰጥ ብሎ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1893 ወስኖ ነበር፤ ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ህንድ ውስጥ መፈተን የተጀመረው በ1922 ነው። ሰዉ ሹመቱን በጥርጣሬ ቢያይ ይፈረድበታል?

— «ለይስሙላ»ስ? ከ12ቱ ህንዳውያኑ 3 ብቻ ናቸው፤ ፖለቲከኛው ጎካሌ፣ ቻውባልና አብዱር ራሂም።

— ቁጥሩ ለይስሙላ ያሰኛል። ሰዎቹ ግን አያሰኙም። ለይስሙላ የተቀመጠ ሰው ፊርማ እንጂ አፍ የለውም። የማድራሱ ዳኛ አብዱር ራሂም ግን ከብዙኃኑ ተለይቶ የልዩነት ሐሳብ ጽፏል። ጎካሌ ሪፖርቱ ሳይፈረም በ1915 መጀመሪያ ላይ አረፈ እንጂ እሱም ዝም የሚል አልነበረም።

— ሪፖርቱም ቢሆን ከፍተኛውን ሹመት ሩቡን ለህንዳውያን ብሎ በ1917 ወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሞንታጉ ህንዳውያን በየአስተዳደሩ ዘርፍ ድርሻቸው እየጨመረ ይሄዳል ብሎ አወጀ። ሪፖርቱ ሳይሠራበት አረጀ በሉት።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ፍርደ ገምድልን አወጣሁት። ቺሮልን «ፈርዶ የመጣ» ልለው ነው።

— «አስቀድሞ የፈረደ» ይሻላል። «ፈርዶ የመጣ» ስትል ከሌላ ችሎት የመጣ ታስመስለዋለህ።