ለ12 ዓመት ልጅ ጌም ኮምፒውተር በ600 ዶላር፦ ምን ልግዛለት?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ፎርትናይትና ሮብሎክስ የሚጫወትበት የራሱ ኮምፒውተር እንድገዛለት ከለመነኝ ቆይቷል፤ በትምህርቱ ቃሉን ስለጠበቀ እኔም ቃሌን ማጠፍ አልፈልግም። የመደብኩለት ከነታክሱ 600 ዶላር ሲሆን ሞኒተርና ኪቦርድ ቤት ውስጥ አሉ። መደብር ሄጄ ያየኋቸው ላፕቶፖች ግን «ጌሚንግ» ተብሎ ተለጥፎባቸው ሻጩ ስለሚበራው መብራታቸው እንጂ ስለ ውስጣቸው ሊያስረዳኝ አልቻለም። በሌላ በኩል አንድ ግለሰብ «ኮር አይ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ የጌም ኮምፒውተር» ብሎ ያገለገለ ዴስክቶፕ በ350 ዶላር ለሽያጭ አውጥቷል። በዚህ መሐል ደሴ ያለችው እህቴ ደውላ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለገባችው ልጇ ላፕቶፕ እንድልክላት ጠይቃኛለች። ለልጄ ዴስክቶፕ ይሻለዋል ወይስ ላፕቶፕ? የ350 ዶላሩስ ይገዛል?

ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ «ኮር አይ7» የሚለው የፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥሩ አይ7-4770 ከሆነ የመጀመሪያው 4 አራተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ የወጣው በ2013 ነው። አይ5-8500 ከሆነ ግን ስምንተኛ ትውልድ፣ የ2018 ነው፤ ስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም ከፊተኛው የተሻለ ነው። ስምንተኛውን ትውልድ ድንበር የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በይፋ አይቀበልም። አንዳንድ ጌሞች፣ ለምሳሌ ቫሎራንት፣ ማጭበርበርን ለመከላከል ሲሉ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ግድ ይላሉ። ስለዚህ ርካሽ ተብሎ የሚሸጠው የ2013 ማሽን ነገ ልጁ ሌላ ጌም ሲያምረው በሩን ይዘጋበታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ቤት ውስጥ ሞኒተር ካለ ላፕቶፕ አይግዙ። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው የጌም ላፕቶፕ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ግራፊክስ ካርዱም (የጌሙን ምስል የሚያወጣው ክፍል) ከቦርዱ ጋር አንድ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሲያረጅ መለወጥ አይቻልም። እኔ የምመክረው ከመሥሪያ ቤት የወጣ፣ በነጋዴ የታደሰ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ክፍል) ዋጋ እጅግ ስለናረ አዲስ ዕቃ ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም በ600 ዶላር አላዋጣ ብሏል፤ ያገለገለው ግን ራሙን ይዞ ይመጣል። ራሙ 16 ጊጋ ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ እኩል ስለሚያነብ ይፈጥናል።

አባት፣ ከፍራንክፈርት

ወንድማችን ስለ ዕቃው የተናገረው ትክክል ነው፤ ስለ ዋስትናው ግን ዝም ብሏል። እኛ ባለንበት በአውሮፓ ኅብረት ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ለአዲስ ዕቃ ሁለት ዓመት በሕግ ኃላፊ ነው፤ በኢንተርኔት የተገዛውንም በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ይቻላል። በጀርመን ነጋዴው ለአገለገለ ዕቃ ኃላፊነቱን ወደ አንድ ዓመት ሊያሳጥር ይችላል፤ ግለሰብ ሻጭ ደግሞ ጨርሶ ሊሰርዘው ይችላል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ወጥ ሕግ ስለሌለ እህታችን የመደብሩን የመመለሻ ደንብ በጽሑፍ ሳያዩ አንድ ዶላር እንዳይከፍሉ። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተገናኝቶ ለማያውቁት ሰው ጥሬ ገንዘብ መስጠት እኔ አይዋጥልኝም።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩን ጠይቄው ማሽኑ አይ7-4770፣ ግራፊክስ ካርዱም ጂቲ 1030 መሆኑን ነግሮኛል፤ ስለዚህ እርሱን ትቼዋለሁ። አንድ የታደሱ ኮምፒውተሮች የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ አይ5-8500፣ 16 ጊጋ ራም ያለው አግኝቻለሁ፤ ዋጋውም ከግምቴ በታች ነው። ጽሑፉ ላይ «ኤስኤፍኤፍ» ይላል፤ ይህ ችግር አለው?

ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኤስኤፍኤፍ የሚባለው ቀጭኑ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላዩ 200 ዋት ብቻ ሲሆን ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ከተሰካበት ማስገቢያ ብቻ ነው፣ ይህም ቢበዛ 75 ዋት ነው። በቁመትም ሙሉ ካርድ አይገባበትም። ፓወር ሰፕላዩን እለውጣለሁ ቢሉ ቅርጹና መሰኪያው የአምራቹ የራሱ ስለሆነ ከሱቅ የሚገዛው ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም። የዚሁ ማሽን ሰፊው ኬዝ ባለ 260 ዋት ነው፤ እርሱም ጭንቅ ያለበት ቢሆንም ካርዱን በቁመት ያስገባል።

ለቀጭኑ የሚሆኑ ካርዶች ጥቂት ናቸው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ያለ ገመድ ይሠራል፤ ባለ 8 ጊጋው ግን ስሙ አንድ ሆኖ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋልና እንዳይሳሳቱ። ጂቲኤክስ 1650 ባለ አጭሩም አለ፣ ያገለገለው ርካሽ ነው፤ ለፎርትናይት ቅንብሩን ዝቅ አድርጎ ለሚጫወት ልጅ ይበቃል። አርኤክስ 6400 ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ በእንዲህ ያለ የቆየ ቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚያገለግለው ክፍልም የለውም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ተጫውተው ብቻ አይበቃቸውም፤ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ መጫን ይፈልጋሉ።

ወጣት፣ ከዴንቨር

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ፎርትናይት በጂፎርስ ናው፣ ማለትም ጌሙን ሩቅ ባለ ኮምፒውተር አሠርቶ በኢንተርኔት በሚያመጣ አገልግሎት በኩል፣ በማንኛውም ደህና ኢንተርኔት ባለው ላፕቶፕ ላይ በነጻ ይሠራል፤ ነጻው ወረፋ አለው፣ አንዱ ዙርም በአንድ ሰዓት ይቋረጣል። ለ12 ዓመት ልጅ የአንድ ሰዓቱ ገደብ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ይመስለኛል። ሮብሎክስ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ሳይጨመርበትም በዚያው አይ5-8500 ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ ገዝተው ካርዱን ለሌላ ጊዜ ማሳደር ይችላሉ።

አክስት፣ ከሲያትል

ስለ ካርድና ስለ ዋት ስታወሩ ሁለት ነገር ተረሳ። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። በ2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፎርትናይትን ባለቤት 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያስማማው አለምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳያስቡት ግዢ ውስጥ ለገቡ ተጫዋቾችና ወላጆች እንዲመለስ የተወሰነ ነው። የባንክ ካርድዎን በልጁ አካውንት ላይ አያስቀምጡ፤ የስጦታ ካርድ ይስጡት፣ ሲያልቅ አለቀ።

ሁለተኛው ስለ እህትዎ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ያለ ላፕቶፕ ጥናታዊ ጽሑፏን በጓደኛ ማሽን ስትጽፍ፣ እዚህ ለጨዋታ 600 ዶላር መመደብ ለእኔ ይከብደኛል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚገባ ላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ወጣ። በዚያ ዋጋ እህትዎ ከየት አምጥታ ትገዛለች? እኔ ብሆን መጀመሪያ የልጅቷን እልክ ነበር።

ወጣት፣ ከዴንቨር

እትዬ፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ይገኛል፤ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፣ ራሙም በሁለት ማስገቢያ የሚለወጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለት ባትሪ መያዙ ነው፤ አንዱ ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ከሥር ይነቀላል፤ ላፕቶፑን ሳያጠፉ መለወጥም ይቻላል። መብራት ሄዶ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ላይ ላለች ተማሪ ይህን የሚያክል ነገር የለም። ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ለኢትዮጵያው 220 ቮልት የመሰኪያ አስማሚ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አባት፣ ከፍራንክፈርት

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለራሳችን ልጅ በመደብር ዋስትና፣ ለእህት ልጅ ደግሞ የሰው ሰልባጅ መላክ ተገቢ አይመስለኝም። ልጅቷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከውጭ ዕቃ ትቀበላለች፤ ክዳኑ የተጫረ፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ተለጣፊ ያለበት ላፕቶፕ ስታወጣ ምን ይሰማታል? በ250 ዶላር አዲስ ላፕቶፕ አለ።

ወጣት፣ ከዴንቨር

በዚያ ዋጋ የሚሸጠውን አዲስ ላፕቶፕ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡት። ብዙዎቹ 4 ጊጋ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ማከማቻቸውም 64 ጊጋ ብቻ ነው፤ ይህ ዊንዶውስ 11 ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ጋር እኩል ነው። ማዘመኛ ሲመጣ ቦታ ያልቃል፣ ልጅቷም ፎቶና ሰነድ ስታጠፋ ትውላለች። ካርቶኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ በሁለተኛው ሴሚስተር የሚቆም ዕቃ መላክ ክብር ከሆነ አላውቅም።

አባት፣ ከፍራንክፈርት

የ2018 ባትሪስ በሁለተኛው ሴሚስተር አይቆምም? ባሕር ዳር ላይ ማን ይለውጥላታል? የምናገረው ስለ ካርቶን አይደለም፤ እዚህ ያለን ሰዎች ለአገር ቤት ሲሆን «ይበቃቸዋል» ማለት እንደ ልማድ ይዞናል ነው የምለው።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሁለታችሁም ገሚሱን ይዛችኋል። ተነቃዩን ባትሪ እዚሁ በአዲስ መለወጥ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ላይ «ፓወርሲኤፍጂ ባትሪሪፖርት» (powercfg /batteryreport) የሚባለው ትእዛዝ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን ያወጣል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ይለወጣል። ተለጣፊውንም በአልኮል ማንሳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን ስለ ልማዳችን የተናገረውን አልክድም።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ ስለ አዲስና ስለ አሮጌ ምንም አላለችኝም፤ «የሚሠራ ይሁን» ብቻ ነው ያለችኝ። ቲ480ውን እፈልጋለሁ። የልጄን በተመለከተ ግን ሱቁ ሰፊውን ኬዝ ለማምጣት ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብሎኛል፤ ቀጭኑን ዛሬ ወስጄ 3050ውን ልሰካበት ወይስ ልጠብቅ?

አባት፣ ከፍራንክፈርት

«የሚሠራ ይሁን» የምትለው እኮ ላለማስቸገር ነው፤ የኛ ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው።

አክስት፣ ከሲያትል

ወንድሜ፣ እርስዎ አዲሱን ከላኩ ማንም አልከለከለዎትም። እህቴ፣ ለገና ወደ ደሴ ስለምሄድ ላፕቶፑን እኔ አደርስልዎታለሁ። ካርቶኑን ግን አልይዝም። ተነቃዩን ባትሪና ትርፍ ከገዙም እርሱን በሻንጣ ውስጥ እንዳያሽጉት፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ የሚፈቀደው በእጅ ቦርሳ ብቻ ስለሆነ ለየብቻ ጠቅልለው ይስጡኝ።