ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ አርባ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ጠላቸውን ይዘው አንዱ «ሲኦል ሌላ፣ ገሃነም ሌላ» ሲሉ፣ ሌላው «የለም፣ ያው ነው» እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። እኔም ያው ይመስለኝ ነበር። ደግሞስ ነፍሷ አሁን የት ናት ብለን ነው ተዝካር የምናወጣው? የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ነፍስ ይማር።

አንድ አይደሉም። ሁለቱም ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። ሲኦል በብሉይ ኪዳን የሙታን ሁሉ ስፍራ ነው። ጨለማ ነው፣ ከታች ነው፣ ደጉም ክፉውም ይወርድበታል። ያዕቆብ ልጄን ዮሴፍን አውሬ በላው ብሎ ሲያለቅስ «እያዘንሁ ወደ ልጄ እወርዳለሁ» ያለው ወደዚያ ነው፤ ዮሴፍ ደግሞ ምን አጠፋ?

ገሃነም ግን በእግር የሚኬድበት ቦታ ነው። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለው የሄኖም ሸለቆ፣ በዕብራይስጡ «ጌ ሂኖም»። ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ሞሎክ ለሚባል ጣዖት በእሳት ያሳልፉበት ነበር። ንጉሥ ኢዮስያስ ያንን መሠዊያ እንዳረከሰው 2ኛ ነገሥት 23 ላይ ታገኚዋለሽ። ቀስ በቀስ የሸለቆው ስም የመጨረሻው ፍርድ እሳት ስም ሆነ። «ገሃነመ እሳት» የምንለው እሱን ነው።

ሽማግሌዎቹን ያከራከራቸው በሉቃስ 16 ያለው የሀብታሙ የነዌና የድሃው የአልዓዛር ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ላይ ነዌ ያለው በሲኦል ነው፣ ግን በነበልባል ይሠቃያል፣ ምላሴን በውኃ አብርዱልኝ ይላል። ይኼን የሰማ ሰው ሁለቱን ቢያደባልቅ አይፈረድበትም። በተዋሕዶ ትምህርት ግን ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወይ ገነት ወይ ሲኦል ትቆያለች፣ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ከምጽአት በኋላ ናቸው። ምሳሌዬ ያንስ ይሆናል እንጂ ሲኦል እንደ ማረፊያ ቤት ነው፣ ገሃነም ፍርድ ካለቀ በኋላ እንደሚገባበት ወህኒ።

ተዝካሩም እዚህ ጋ ነው የሚገባሽ። የመጨረሻው ፍርድ ገና ስለሆነ ነው ፍትሐት የሚደረገው፣ አርባና ሰማንያ ሙት ዓመትም የሚወጣው። ቃሉ ራሱ «ዘከረ» ከሚለው ግእዝ ነው፣ አሰበ ማለት። «ነፍስ ይማር» የሚለውንም ልብ በይው፤ የእህቴ ልጅ በአንድ ለቅሶ ላይ «ሞቶ ምን ይማራል?» ብሎ ጠይቆኛል። የትምህርቱ መማር መስሎት ነው። «ማረ» ነው፣ ምሕረት አደረገ። የሚምረውን ስሙን እንኳ አንጠራም፣ ሁሉም ያውቀዋላ።

ሌላ አባል፦ እኛ ሙስሊሞቹ ጋ ጀሀነምና ጀነት ነው የምንለው። ከሞት እስከ ቂያማ (እስከ ትንሣኤ ቀን) የሚቆየውን ጊዜ ደግሞ በርዘኽ እንለዋለን። እናቴ ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የምትለው «ቀብሩን ያስፋለት» ነው። ጀሀነም ከእናንተ ገሃነም ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ በደንብ እንጂ ወንድሜ! «ቀብሩን ያስፋለት» እንዴት የሚያምር ዱዓ ነው። መጨረሻዋን «ም» ተመልከታት። ዕብራይስጡ ላይ አለች። ግሪኩ «ጌኤና» ሲለው ጣላት፣ ሱርስቱም፣ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ የላትም። ግእዙ ግን ይዟታል፣ ዐረብኛውም ይዟታል። ስለዚህ ብዙ የሴም ቋንቋ ምሁራን ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው በግእዝ በኩል ነው ይላሉ። ጀነትና ገነትም ያው ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱም የአትክልት ቦታ ማለት ነው።

እህቴ፣ ሽማግሌዎቹን እንደገና ካገኘሻቸው ራእይ 20፥14ን አንብቢላቸው። «ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ» ይላል። ሲኦል ራሱ እሳት ውስጥ የሚጣል ከሆነ እንዴት አድርጎ ከእሳቱ ጋር አንድ ይሆናል?