የዕቅድ ውይይት፦ ሴት የሙዚቃ ደራሲዎችንና የኦርኬስትራ መሪዎችን የሚመለከት የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ
ለኦርኬስትራችን ቦርድ የምናቀርበው ሐሳብ በሁለት አንቀጽ ተጀምሯል።
አንቀጽ 1፦ «በሚቀጥለው የኮንሰርት ወቅት በሴቶች የተደረሱ ሥራዎች ብቻ የሚቀርቡበት ልዩ ምሽት ይዘጋጃል።»
አንቀጽ 2፦ «ሴት የኦርኬስትራ መሪዎች ይበረታታሉ።»
የማይጥማችሁን አውጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ።

የኖታ ክፍል ኃላፊ
«ልዩ ምሽት» የሚለው ይውጣ። ምሽቱ ሲያልፍ ኖታው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ እነዚህን ሥራዎች እስከ ዛሬ የጎዳቸውም ይኸው ነው። የፈረንሳዊቷ ደራሲ የልዊዝ ፋራንክ ሦስተኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ) በ1849 ፓሪስ ውስጥ ተጫውቷል፤ ያውም በታወቀው የኮንሰርቫቷሩ (የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ኮንሰርት ማኅበር። ነገር ግን ሲምፎኒዎቿ በሕይወት ሳለች አልታተሙም። ያልታተመ ኖታ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ኦርኬስትራ ቢፈልገውም ከየት ያመጣዋል? የአሜሪካዊቷን ደራሲ የፍሎረንስ ፕራይስን የመጀመሪያ ሲምፎኒ የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1933 ተጫወተላት። በ2009 ግን ብዙ የእጅ ጽሑፎቿ የተገኙት ኢሊኖይ ውስጥ ሰው ትቶት በሄደ ቤት ነው። ሁለቱም አንዴ ተሰምተዋል፤ ደግሞ የሚያነሳቸው ነው የጠፋው። ስለዚህ የተመረጠው ሥራ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ እንዲቀርብ እናስገድድ።

ሴሎ
እስማማለሁ። ቦታውም ይጻፍ። የሴት ደራሲ ሥራ ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የዐሥር ደቂቃ መክፈቻ ይሆናል፤ አድማጩ ገና ወንበሩን እየፈለገ ያልቃል። የፋራንክ ሲምፎኒ ከዕረፍት በኋላ ያለውን ዋና ቦታ ይያዝ።

ትሮምቦን
ሥራውን እወደዋለሁ፤ ግን ትራምፔትም ትሮምቦንም የለበትም። እኛ ምሽቱን ሙሉ ቁጭ ብለን ልንሰማ ነው? የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኤሚ ቢች «ጌሊክ» ሲምፎኒ (ቦስተን፣ 1896) ለሁላችንም ሥራ አለው።

የኖታ ክፍል ኃላፊ
ልክ ነህ ወንድሜ። አንደኛው ዓመት ፋራንክ፣ ሁለተኛው ቢች፣ ሦስተኛው ደግሞ ፋራንክ እንደገና።

ረዳት መሪ
እስካሁን ስለ ደራሲዎቹ ነው የተወራው። አንቀጽ 2 ግን ምንም አይልም፤ «ይበረታታሉ» ማንንም አያስገድድም። ቫዮሊን የምትጫወት ሴት ቤቷ ዘግታ መለማመድ ትችላለች። የመሪ መሣሪያ ግን ኦርኬስትራው ነው፤ ሰው ፊት ሳትቆሚ እጅሽ አይፈታም። የኦርኬስትራ መሪዋ አንቶኒያ ብሪኮ በ1930 የበርሊን ፊልሃርሞኒክን መርታ ሳለ ቋሚ ኦርኬስትራ የሚሰጣት ስላጣች በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ የሴቶች ኦርኬስትራ ራሷ አቋቋመች። አሜሪካዊቷ መሪ ማሪን ኦልሶፕም በ1984 ኮንኮርዲያ የተባለውን የራሷን ኦርኬስትራ መሠረተች፤ የባልቲሞርን ኦርኬስትራ የተረከበችው በ2007 ነው። የሚያስቆማት ያጣች ሴት ሁሉ የራሷን ኦርኬስትራ እስክትመሠርት ድረስ መጠበቅ አለብን?
እኔ በፊት በነበርኩበት ኦርኬስትራ ሁለት ዓመት ረዳት ተብዬ ሙሉ ኦርኬስትራ ፊት የቆምኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ዋናው መሪ ስለታመመ። ያን ቀን እጄ የተንቀጠቀጠው ኖታውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።
የምለው፦ በየወሩ ከአንድ ልምምድ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ለጀማሪ መሪዎች ይሰጥ፤ በቪዲዮ ይቀረጽ፤ ተጫዋቾችም የታያቸውን ጽፈው ይስጡ።

ሰብሳቢ
ሰዓቱን ከየት እናመጣለን የሚለው ያሳስበኛል፤ ከኮንሰርት በፊት ያለው ሳምንት እንዳይነካ። ደግሞስ ለሴቶች ብቻ ነው?

ረዳት መሪ
የኮንሰርቱ ሳምንት አይነካም፣ ሰብሳቢያችን። ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ቢያንስ ግማሹ ሰዓት ግን የሴቶች እንደሆነ ይጻፍ። ካልተጻፈ ተረስቶ ይቀራል።

ሁለተኛ ቫዮሊን
የፕሮግራም ጽሑፋችንንም አደራ። ፋኒ ሜንደልሶንን ስንጫወት የመጀመሪያው መስመር «የፌሊክስ እህት» እንዳይል። ስድስት ዘፈኖቿ በወንድሟ፣ በታዋቂው ደራሲ በፌሊክስ፣ ስም በወጡ የዘፈን ስብስቦች ውስጥ ታትመዋል፤ በ1842 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከነዚያ የወደዱትን ዘፈን ሲዘፍኑለት ፌሊክስ የእህቴ ነው ብሎ ማመን ግድ ሆነበት። በ1828 የጻፈችው የፋሲካ ሶናታ የተባለው የፒያኖ ሥራም ለዓመታት የእሱ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ የእሷ መሆኑ የተረጋገጠው በእኛ ዘመን ነው። መጀመሪያ ሥራዋ፣ ቀጥሎ ዝምድናዋ።

ገንዘብ ያዥ
ክፍያም ይግባ፦ ተጋባዥ መሪ ሴትም ሆነች ወንድ እኩል። ፋራንክ ራሷ በኮንሰርቫቷሩ መምህር ሳለች ከወንድ ባልደረቦቿ ያነሰ ሲከፈላት ቆይቶ፣ ለዘጠኝ መሣሪያ የጻፈችው ኖኔት በ1850 ከተወደደላት በኋላ ነው ተከራክራ እኩል ያስደረገችው።

ጸሐፊ
የተስተካከለው ይህ ነው።
አንቀጽ 1፦ «ፋራንክና ቢች በዋናው ቦታ ይቀርባሉ፤ ፋራንክ በሦስተኛው ዓመት ይደገማል።»
አንቀጽ 2፦ «ከኮንሰርት ሳምንት ውጭ በየወሩ አንድ ሰዓት ልምምድ ለጀማሪ መሪዎች ይሰጣል፤ ከሰዓቱ ቢያንስ ግማሹ የሴቶች ነው። የተጋባዥ መሪ ክፍያ እኩል ነው።»
የፕሮግራም ጽሑፉን ሁለተኛ ቫዮሊን ትያዘው። የቢችን የየመሣሪያውን ኖታ ማን ያፈላልጋል?

ትሮምቦን
እኔ።