የእማዬ የላይም ምርመራ ግራ አጋባኝ

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከጎንደር ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። ከስድስት ወር ወዲህ ጉልበቷንና ጣቶቿን ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ከቤታችን ጀርባ ጫካ አለ፣ አጋዘን እንደ ፍየል ነው የሚመላለስበት፤ እሷ ደግሞ ጎመኗን እዚያው ዳር ተክላለች። ሐኪሟ የላይም፣ ማለትም መዥገር የሚያስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ፣ ምርመራ አዘዘላት። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ሆነ። ሁለተኛው አይ-ጂ-ኤም ፖዘቲቭ፣ አይ-ጂ-ጂ ኔጋቲቭ ይላል። ሽፍታም መዥገርም አላየንባትም። አንቲባዮቲክ ጀምራለች፣ ጎረቤታችን ግን "ላይም ከሆነ ዓመት ሙሉ ነው የሚወሰደው" ብላ አስፈራራችን። እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ላይም ነው?

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦
እናትሽን እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ወረቀቱ ብቻ ልንገርሽ። ምርመራው ባክቴሪያውን አይደለም የሚያየው፣ ሰውነት ተህዋሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ከአንቲቦዲዎቹ አይ-ጂ-ኤም የሚባለው ቀድሞ ይመጣል፣ አይ-ጂ-ጂ የሚባለው ይከተላል። በሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል) መመሪያ አይ-ጂ-ኤም የሚቆጠረው ሕመሙ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። አንቲቦዲውን በመስመር በሚያሳየው ምርመራ፣ በዌስተርን ብሎት፣ ለአይ-ጂ-ኤም ከ3 መስመር 2 ከወጣ ፖዘቲቭ ይባላል፣ ለአይ-ጂ-ጂ ግን ከ10 መስመር 5 ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዷ 41 የምትባለዋ ናት፤ የባክቴሪያው ጅራት ፕሮቲን ስለሆነችና የሌሎች ባክቴሪያዎችም ጅራት ስለሚመሳሰል በጤነኛ ሰው ደምም ትወጣለች። ስድስት ወር ታመው አይ-ጂ-ጂ ካልወጣ ላይም መሆኑ በጣም ያጠራጥራል። ሞኖ የሚባለው የቫይረስ በሽታ፣ ቂጥኝ፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን ሲያጠቃ የሚመጡት ሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሁሉ ይህን ምርመራ ሊያሳስቱ ይችላሉ። የጠዋቱ የጣት መድረቅ ደግሞ ለሩማቶይድ መታየት አለበት። አገር ቤት ቅማል የሚያመጣው ግርሻም የላይም ዘመድ ነው፣ የሁለቱም መንስኤ ቦሬሊያ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። ለቀቅ እያለ የሚመለስ ትኩሳት ነበራቸው?

ጠያቂ፦
ኧረ ትኩሳት የሚባል የለም።

ከቨርጂኒያ፦
የኔ ተቃራኒው ነው። ከጉልበቴ ኋላ ቀይ ቀለበት የመሰለ ሽፍታ ወጣብኝ፣ በአምስተኛው ቀን ደሜ ኔጋቲቭ ሆነ፣ "ምንም የለብሽም" ተብዬ ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ወገን ፊቴ ተንጋደደ። ያኔ ነው ፖዘቲቭ የሆነው። አንቲቦዲው ለመውጣት ሳምንታት እንደሚፈጅ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀለበት እያለ ደም ሳይጠበቅ ነው የሚታከመው። ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ ዳንኩ። ከዓመት በኋላ ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ፣ እንደገና መድኃኒት ሊጀምሩልኝ! አንቲቦዲው ከዳኑም በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ከአዲስ አበባ፦
ይሄ የኛኑ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" አስታወሰኝ። ራሳችንን ባመመን ቁጥር ዊዳል የሚባለው የታይፎይድና ዊል-ፊሊክስ የሚባለው የታይፈስ የደም ምርመራ ተሠርቶ ስንት አንቲባዮቲክ ዋጥን። ዊል-ፊሊክስ እኮ የታይፈስን ተህዋስ ሳይሆን ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ተጠቅሞ ነው የሚሠራው። ዊዳልም ድሮ የታመመን ሰው ዛሬ እንደታመመ ያስመስለዋል። ሐኪሙን "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" ብለሽ ጠይቂው፣ አትፈሪ።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦
ትክክል። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ። ደግሞ ላይም ቢሆን እንኳ የሚወሰደው ለሳምንታት ነው፣ ዓመት ሙሉ አይደለም። አንቲባዮቲክ ሲረዝም ራሱ ጉዳት አለው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለን፣ ሙሉ ወረቀቱን ይዤ የሩማቶይዱን እጠይቃለሁ። ጎመኔን አልተውም ብላለች፤ ረጅም ካልሲ ገዝቼላታለሁ፣ ማታ ማታ እግሯን አያታለሁ።