«በአስር ብር ዘበኛ አይቀጠርም»፦ የቆመ ሞተር ሲሰረቅ ተጠያቂው ማነው?

ቦክሰር 150፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። የመኪና ማቆሚያ ማኅበር አስተባባሪ ነኝ ያለ ሰውዬ ስለ ሞተር ስርቆት ተጠይቆ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኛ የምናስከፍለው የቦታ ነው፤ በአስር ብር ዘበኛ አይቀጠርም።» ጋዜጠኛውም አብሮት ሳቀ። ጓደኛዬ ዕቃ አድራሽ ነው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ምሳ አድርሶ ሲወርድ ሞተሩ የለም። ቲኬቱ እጁ ላይ ነው። የቆረጠለት ልጅ «እኔ በዚያኛው ጫፍ ነበርኩ» አለው፣ አለቀ። ታዲያ አስር ብሩ የምንድነው? የአስፋልት ኪራይ?

የገርጂው፦
አዎ የአስፋልት ኪራይ ነው። ምን መስሎህ ነበር? በአስር ብር ማስቲካ እንኳን ሲገኝ ነው። ሰውየው እውነቱን ስለተናገረ ነው ያናደደህ።

ሳምራዊት፦
የገርጂው፣ ዋጋውን ያወጣነው እኛ ነን እንዴ? አስር ብር አነሰን ካሉ ሃያ ይበሉ፣ ሠላሳ ይበሉና ይጠብቁ። ሲቀበሉ ሙሉ እጅ፣ ሲጠፋ «በአስር ብር» አይባልም።

ቲኬት ቆራጩ፦
እኔ ይሄን ሥራ ሠርቼበታለሁ፣ ስለዚህ ልናገር። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ መኪና ነው። አንዱን ስትጽፍ ሌላው ሳይከፍል ይፈተለካል፣ እሱን ስታባርር ሦስተኛው ገብቶ ቆሟል። ሞተር ደግሞ ሁለት መኪና መሃል ተወሽቆ ነው የሚቆመው። ሄልሜት ያደረገ ሰው መጥቶ አስነስቶ ሲሄድ ባለቤቱ ይሁን ሌባው በምን አውቃለሁ? ሊብሬህን አሳየኝ ልበለው?

ሳምራዊት፦
ሊብሬ አሳየኝ በል ያለህ የለም። ቲኬቱን መልስልኝ በል። ቲኬት የሌለው አይወጣም፣ በቃ።

ቦክሰር 150፦
ደግሞ አንድ ነገር አለ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ «ና ና ና፣ ወደ ግራ፣ በቃ!» ካለህ በኋላ ምን ይልሃል? «ግባ፣ አለሁ» ነው የሚልህ። ጓደኛዬንም «አለሁ» ብሎታል። በዚህ አገር «አለሁ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ለሬዲዮው ሰውዬ የሚነግርልኝ አለ?

የገርጂው፦
«አለሁ» የሚለው ሂሳብ ለመቀበል ነው 😂

ጥቁር ካባ፦
ስሜቱን ወደ ጎን እንተወውና፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል ይደነግጋል። አደራ ለመባል ዕቃውን ተቀብሎ በደህና ለመጠበቅ የተስማማ ሰው ያስፈልጋል። ቁልፉን ኪስህ ከተህ፣ መሪውን ቆልፈህ፣ ቲኬት ይዘህ ከሄድክ ተቀባዩ «እኔ ቦታ እንጂ ሞተር አልተረከብኩም» ይልሃል፤ ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ግን አጥር ያለው፣ በር ያለው፣ ሲወጡ ቲኬት የሚሰበሰብበት ግቢ ከሆነ ነገሩ ይለያል። «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ ቲኬት ጀርባ ላይ ማተምም ሁሉንም ነገር አይዘጋም።

ቦክሰር 150፦
ይኸው! ሕጉም ከእኛ ጋር ነው።

የገርጂው፦
ይኸው! ሕጉም ከእኛ ጋር ነው።

ጥቁር ካባ፦
ሁለታችሁም አላነበባችሁኝም።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጆች፣ ፍርድ ቤቱን ለጊዜው ተዉትና እኔን ስሙኝ። የሚመጣልኝ ወጣት ሁሉ ለቀለም መብራትና ለስፒከር ይከፍላል፣ ለቁልፍ ግን አይከፍልም። መሪ ቁልፍን አትመኑ፣ እሱ ሕፃን ለመከልከል ነው። ሰንሰለት ግዙ፤ ብስክሌት የሚታሰርበትን ቀጭኑን አይደለም፣ ወፍራሙን። ጎማውን ብቻ ካሰራችሁ ጎማውን ትተውላችሁ ይሄዳሉ፤ በሻንሲው ውስጥ አሳልፉት። መሬት ላይ አይንተራስ፣ መሬት የነካ ሰንሰለት ለመቁረጫው ድጋፍ ይሆነዋል። ጓጉንቸሩም ተጋልጦ አይንጠልጠል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ ስትወርዱ የቤንዚኑን መዝጊያ፣ ሩቢኔቱን ዝጉት፣ ቢያስነሳው እንኳን ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ስታልቅ መንገድ ላይ ይቆምበታል። የተደበቀ ማጥፊያ ማስገጠምም ብዙ ወጪ አይደለም። የፍሬን ዲስክ ቁልፍ ጥሩ ነው፤ ግን ሞተሩን ተሸክመው ሚኒባስ ላይ ከመጫን አያግድም። አንድ ቦክሰር መቶ ምናምን ኪሎ ነው፣ ለሦስት ጎረምሳ ምንም ማለት አይደለም።

ቦክሰር 150፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ሩቢኔቱ አላሰብኩትም ነበር። ግን ከምን ጋር ልሰረው? ኮሪደር ልማቱ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ምሰሶው አዲስ፣ አጥሩ አዲስ። አንድ ቀን ከመብራት ምሰሶ ጋር አስሬ ስመለስ ደንብ አስከባሪ አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ መካኒክ፦
ከጓደኛህ ሞተር ጋር እሰረው። ሁለት ሆናችሁ ስታቆሙ ሻንሲ ከሻንሲ ጋር። ሁለት ሞተር አንድ ላይ አይሸከሙም።

ሳምራዊት፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ጥያቄው ይሄ አልነበረም። ሰንሰለት ገዛን፣ ማጥፊያ አስገጠምን፣ ከጓደኛ ጋር አሰርን። ከዚያ በኋላም አስር ብር እንከፍላለን። ለምን?

የኔታንያው ልጅ፦
እዚህ እስራኤል ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ጠርዝ ላይ መኪናህን ታቆማለህ፣ በስልክህ ትከፍላለህ። ቢሰረቅብህ ማዘጋጃ ቤቱን «የት አደረስከው» የሚል የለም። ሞተረኛው ወፍራም ሰንሰለቱን አስሮ ወደ ጉዳዩ ይገባል። አገር ቤት ሁሉን ነገር መንግሥት ይጠብቅልኝ ማለት ይበዛል።

ቦክሰር 150፦
ይሄ ዳያስፖራ ደግሞ መጣ። ወንድሜ፣ እዚያ ስልክ ነው የምትከፍለው። ስልክ «ግባ፣ አለሁ» አላለህም። እኔ የከፈልኩት ዓይን ላለው ሰው ነው።

ፌቪ የአራት ኪሎዋ፦
ሞተረኞች ሲሰረቁ ማዘን ይከብደኛል፣ ይቅርታ። የእኔን ቦርሳ ከትከሻዬ የነጠቀኝ ሞተር ላይ የነበረ ነው። በ2011 የዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ኢንጂነር ታከለ ሞተር ሲከለክሉ እልል ነበር ያልኩት። ባይመለሱ ጥሩ ነበር።

ቦክሰር 150፦
እህቴ፣ ቦርሳሽን የነጠቀው ሌባ ነው፣ ሞተሩም ምናልባት የተሰረቀ ነው! የራሱን ታርጋ ለጥፎ የሚነጥቅ ሞኝ የት አለ? በዚያ በ2011 ክረምት ስንቱ የቀን እንጀራውን አጣ። ስንመለስም በፈቃድ ነው፣ ጂፒኤስ አስገጥሙ ተብለን ነው።

የገርጂው፦
ጂፒኤስ ካለው ጓደኛህ ለምን አላገኘውም?

ቦክሰር 150፦
የጂፒኤሱ ሲም ካርድ ጥቅል አልቆበት ነበር።

የገርጂው፦
😂😂😂 «ዓይን ላለው ሰው ነው የከፈልኩት» ይላል፣ የራሱን ዓይን ሳይሞላ።

ሳምራዊት፦
አትሳቅ። ባትሪውን ከነቀሉት ጂፒኤሱም ብዙ አይቆይም። ጥቅል ቢሞላ ኖሮም ፖሊስ ጣቢያ ስልክህን ይዘህ «እዚህ ጋ ነው ያለው» ስትል ማን አብሮህ ይሮጣል?

የገርጂው፦
ምን አደከማችሁ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂዱ። ሰልባትዮውን አንዱ ሱቅ፣ ፍሬቻውን ሌላው ሱቅ ታገኙታላችሁ።

የተክለሃይማኖቱ፦
እዚህ ላይ እንኳን ቁም። ሶማሌ ተራ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በደረሰኝ ነው የሸጠው። በከተማው ዕቃ በጠፋ ቁጥር ሰፈራችንን መጥራት ልማድ አድርጋችሁታል። ስፖኪዮ ሲጠፋብህ በርካሽ ልግዛ ብለህ «ያገለገለ አለ?» እያልክ የምትዞረው አንተ አይደለህም?

የገርጂው፦
ሱቁ ባይኖር እኔም አልዞርም።

የተክለሃይማኖቱ፦
አንተ ባትዞር ሱቁም አይኖርም።

ጥቁር ካባ፦
ለሁለታችሁም፦ የወንጀል ሕጉ ስርቆትን በ665፣ የተሰረቀ ዕቃ መቀበልን በ682 ለይቶ ይቀጣል። እያወቀ የገዛም አይድንም። ደረሰኝ ጠይቁ።

ቲኬት ቆራጩ፦
ጥሩ፣ እንግዲህ ሌባውም ገዥውም ሻጩም ሕግ አለው። እናንተ ግን ከጠዋት ጀምሮ የያዛችሁት ፀሐይ ላይ የሚውለውን ልጅ ነው። እሱ በቀን የሚደርሰውን ብታውቁ ታፍሩ ነበር። አንድ ሞተር ቢከፍል ዕድሜ ልኩን ዕዳ ነው። ባለሞተሩ ኢንሹራንስ ይግባ።

ቦክሰር 150፦
ኢንሹራንስ አለን እኮ! ሶስተኛ ወገን ሳይኖርህ መንገድ መውጣት አይፈቀድም።

ጥቁር ካባ፦
በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ሶስተኛ ወገን በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ሞተርህ ቢሰረቅ አንድ ሳንቲም አይከፍልህም። ለስርቆት ለብቻው መግባት ነው፣ ውሉን ደግሞ አንብበህ።

የገርጂው፦
እስቲ ከሞተረኛው መሃል የስርቆት ኢንሹራንስ አለኝ የሚል እጁን ያውጣ።

(ማንም አላወጣም እንዴ? 😂)

ፀጥ ያለው፦
እኔ የኤሌክትሪኩን ገዝቼ ተገላገልኩ። ባትሪውን ነቅዬ ይዤው ነው የምገባው። ያለ ባትሪ ማን ይሰርቀዋል?

ቦክሰር 150፦
ሞተሩን ተሸክመው ይወስዱታላ። ጋሼ አሁን አይደል የነገሩን?

ፀጥ ያለው፦
ይውሰዱት፣ ውዱ ባትሪው ነው። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። በቀደም አንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ ጥበቃው በፌስታል የያዝኩትን ባትሪ አይቶ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ባትሪ ነው ስለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ውጪ አስቀምጠው ግባ አለኝ። ውጪ ላስቀምጠው ከሆነ ለምን ነቀልኩት?

ጋሽ መካኒክ፦
ልጄ፣ በፌስታል አትያዘው። እጀታው ይበጠስና እግርህ ላይ ይወድቃል።

ፌቪ የአራት ኪሎዋ፦
ይሄም አዲስ ነገር ነው፣ ሞተረኛው ባትሪ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ።

ሳምራዊት፦
ቲኬት ቆራጩ፣ እኔ አሁንም መልስ እየጠበቅኩ ነው። ልጁ አንድ ሞተር ይክፈል አላልኩም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው። ማኅበሩ ግን ከየቀኑ ገቢ ለእንዲህ ያለው ቀን ትንሽ ቢያስቀምጥ ምን ይሆናል? እሱም ቢቀር፣ ሲወጣ ቲኬቱን መልሶ መቀበል ምን ያስቸግራል?

ቲኬት ቆራጩ፦
ሰልፍ ይሆናል እህቴ። ሁሉም ሰው ይቸኩላል። ቲኬቱን ግማሹ ጥሎታል፣ ግማሹ ቀዶታል። ፈልጉ ብትያቸው ጥሩምባውን የምትነፊው አንቺ ራስሽ ነሽ።

ሳምራዊት፦
መኪና የለኝም።

ቲኬት ቆራጩ፦
መኪና ከሌለሽ ታዲያ ምን አገባሽ?

ሳምራዊት፦
ሞተር ነው የምነዳው። ትናንትም አስር ብሬን ከፍያለሁ። ቲኬት አልተሰጠኝም።