ስኩዌር ሩት ባለበት እኩልዮሽ ትርፍ መልስ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ √(ሀ + 7) = ሀ + 1 የሚለውን እኩልዮሽ ግራና ቀኙን ስኩዌር አድርጌ ስፈታው 2 እና −3 አገኘሁ፤ የመልስ ቁልፉ ግን 2ን ብቻ ይቀበላል። በስሌቱ ላይ ስሕተት ሳይኖር አንዱ መልስ ውድቅ የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ከሀ² + ሀ − 6 = 0 የሚገኙት እነዚያው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን −3ን በመነሻው እኩልዮሽ ሲተኩ ግራው √4፣ ማለትም 2፣ ቀኙ ደግሞ −2 ይሆናል። የ√ ምልክት ኔጌቲቭ ያልሆነውን ሩት ብቻ ስለሚያመለክት ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ስኩዌር ሲደረጉ ግን ሁለቱም 4 ስለሚሆኑ ልዩነታቸው ይጠፋል፣ ትርፉ መልስም የሚሾልከው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ቀኙ ጎን ከዜሮ ማነስ ስለማይችል፣ ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ ሀ ≥ −1 ብለው ቢጽፉ −3 ገና ብቅ ሲል ይወድቃል።

መልስ 2፦ ቅንፉን ደግሞ አይዝለሉ፤ √ሀ + 7 ተብሎ ሲተየብ 7 ከምልክቱ ውስጥ ይሁን ውጭ አይለይም።

መልስ 3፦ ስኩዌር ከማድረግዎ በፊት ሩቱን ለብቻው ያስቀምጡ። ለምሳሌ √(2ሀ + 1) + 3 = 1 ቢሰጥዎ፣ 3ን ወደ ቀኝ ሲያሻግሩ √(2ሀ + 1) = −2 ስለሚሆን መፍትሔ እንደሌለው ወዲያውኑ ይታያል (ብዙ ሰው ግን እዚህም ስኩዌር አድርጎ 3/2 ብሎ ይጽፋል)።